በትርንጎ ካርድ

አንድ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ከዓመታት በፊት ውድነሽን በመስኮቱ አሻግሮ አያትና፣ «ባል ሳይኖርሽ የወሊድ መከላከያ ምን ያደርግልሻል?» አላት። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ውድነሽ መታወቂያዋን አንስታ ወጣች።

ውድነሽ ከባድ መኪኖች በሚያድሩባት ከተማ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት ጓሮ ክፍል ተከራይታ ገላዋን እየሸጠች የምትኖር ሴት ነበረች። የክፍል ጓደኛዋ ትርንጎም ሥራዋ ያው ነው። ግን ድሮ አግብታ ስለነበር «ባለትዳር» የሚል የጤና ጣቢያ ካርድ ነበራት።

«ምን አስጨነቀሽ፣ በእኔ ካርድ ሂጂ» አለቻት ትርንጎ። «ለአንድ ቀን እንኳ ወይዘሮ ትሆኛለሽ።»

ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ውድነሽ በየሦስት ወሩ በትርንጎ ስም እየተጠራች መርፌዋን ስትወጋ ኖረች። ትርንጎ በበኩሏ በኮንዶም እጠነቀቃለሁ ባይ ነበረች። ለደንበኛ ትጠነቀቃለች፤ ለወዳጇ ግን ኮንዶም አታነሳም። «እሱንም እንደ ደንበኛ ልቁጠረው?» ትል ነበር።

አንድ ጠዋት ትርንጎን ከእምብርቷ በታች በአንድ ጎን ሕመም ሰቅዞ ያዛት። ውድነሽ ደግፋ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። ለቦታው አዲስ የሆነችው ነርስ ካርዱን ገለጠች።

«መርፌሽን ባለፈው ወር ወስደሻል፤ እርግዝና አይሆንም። ቁርጠት ይሆናል» ብላ ማስታገሻ ልትጽፍ ብዕሯን አነሳች።

በሩ ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ውድነሽ የትርንጎን ፊት አየች፤ ደም የሚባል አልቀረበትም። ትርንጎ ጓደኛዋ እውነቱን ልትናገር መሆኑ ገብቷት እጇን ጨመቀቻት። «ተይው፣ ያዋርዱሻል» አለቻት በሹክሹክታ።

«መርፌውን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ሲስተር» አለች ውድነሽ። «ውድነሽ እባላለሁ። አንድ ቤት ነው የምንሠራው። እሷ ተወግታ አታውቅም።»

ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች። «ታዲያ ለምን በራስሽ ስም አልመጣሽም?»

«መጥቼ ነበር» አለች ውድነሽ።

ነርሷ ወዲያው ትርንጎን መረመረቻት፤ አምቡላንስም አስጠራች። ሆስፒታል ሲደርሱ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ፣ በእንቁላል ማስተላለፊያው ቱቦ ውስጥ አድጎ ቱቦውን ቀድዶት ተገኘ። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው ሲወጣ፣ «ማስታገሻ ውጣ ተኝታ ቢሆን ኖሮ አናገኛትም ነበር» አለ። ትርንጎ ተረፈች።

ካርዱን የተዋዋሱት ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ መዋዋሱን ያስተማራቸው ግን ያ መስኮት ነው። ሰውን አሳፍረን ስንመልስ ችግሩንም አብረን የመለስን ይመስለናል። እሱ ግን በሌላ ሰው ስም ተመልሶ ይገባል፤ ያኔ ሐኪምም አያውቀውም። ሰው በምንም ሥራ ይደር፣ አካሉ መታከም ያለበት በራሱ ስም ነው። እኛስ በአንዲት ቃል ስንቱን ከስሙ አስወጥተነው ይሆን?

ትርንጎ አገግማ በተመለሰች በሳምንቱ ሁለቱ ጤና ጣቢያው ሄደው ተሰለፉ። ከፊት ውድነሽ ነበረች። ከመስኮቱ ጀርባ «ስም?» አላት ያው ሰው።

«ውድነሽ» አለች። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም።