ለከበሮው አልታጠፍ ያለው ሳንቃ

አንድ ቀን ወይዘሮ ትብለጥ የሚባሉ ሠዓሊ ቄራ አካባቢ ወደነበረ አንድ ማተሚያ ቤት መጡ። በነጠላ የሸፈኑትን ሳንቃ እንደ ሕፃን አቅፈውታል። ሳንቃው ላይ የደሴን ሰኞ ገበያ በቀለም ሥለውበታል። ማተሚያ ቤቱ ለአዲስ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ሊያትመው ስለፈለገ፣ ስንት ጊዜ ተለምነው ነው ለማዋስ እሺ ያሉት።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው።

«አደራ» አሉ ወይዘሮ ትብለጥ፣ ነጠላውን ገለጥ አድርገው። «እዚህ ጥግ ላይ ጨው ዘርግቶ የተቀመጠው ሰውዬ ይታይዎታል? ሟቹ ባለቤቴ ነው። ፎቶ መነሣት አይወድም ነበር፤ ሌላ ምስል የለኝም።»

አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እኔ እያለሁ እማማ? እንደመጣ ይመለሳል። አንዲት ጭረት አያርፍበትም። ቃሌ ነው!»

አቶ ልሳነወርቅ ክፉ ሰው አልነበሩም። ችግራቸው ሁሉን ማወቃቸው ነው። ሐኪም ስለ ጨጓራቸው ሲነግራቸውም፣ መካኒክ ስለ መኪናቸው ሲነግራቸውም «አውቀዋለሁ» ይላሉ። ይባስ ብሎ በቅርቡ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ውጭ አገር ደርሰው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህማ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ እንኳን አይጠብቁም።

እንግዳቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ስካነሩ ክፍል ገቡ። ስካነሩን የሚያሠራው ጋሽ ዘርጋው ነው፤ ስምንት ዓመት ከዚያ ማሽን ጋር የኖረ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። ወይዘሮ ትብለጥ ማሽኑ ውስጥ የተጋደመውን፣ እንደ ብርጭቆ ወዲያ ማዶ የሚያሳየውን ክብ ነገር አዩና ጠየቁ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

«ከበሮ ነው እማማ።»

«ይመታል?»

«አይመታም፤ ያያል» አለ ጋሽ ዘርጋው። «የሚታተመውን ፎቶ ዘይት ቀብተን ከበሮው ላይ እንጠቀልለዋለን፣ አየር እንዳይገባበት። ከዚያ ከበሮው በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ከዳር እስከ ዳር እየሄደች እያንዳንዷን ነጥብ ታያለች። ያየችውን ኮምፒውተሩ ይመዘግባል። አንዲት የፀጉር ዘለላ አታመልጣትም።»

«አውቀዋለሁ!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «በል እንግዲህ፣ ሳንቃውን ጠቅልለውና ጀምር።»

ጋሽ ዘርጋው ሳንቃውን አየ። ውፍረቱ አውራ ጣት ያህላል።

«ይሄ አይሆንም ጌታዬ። ከበሮው ላይ የሚወጣው የሚታጠፍ ነገር ብቻ ነው። በትልቅ ፊልም ፎቶ ይነሣና ፊልሙን እንጠቅልለው፤ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚደረገው።»

«የፎቶ ፎቶ? ቀለሙ ይሞታል! እኛ ሥልጠና ላይ የተማርነው በቀጥታ ከዋናው ላይ ነው።»

«ዋናው እንጨት ነዋ።»

«እንጨት አይታጠፍም ያለህ ማነው? ወንፊት አይተህ አታውቅም? ዙሪያው ከምንድን ነው የተሠራው?» አቶ ልሳነወርቅ ሳንቃውን ከጀርባው በጣታቸው ቆረቆሩት። «በዚህ በኩል ይላግ። እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ይላግ። ከዚያ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፤ ሲለሰልስ ትጠቀልለዋለህ።»

ወይዘሮ ትብለጥ ሳንቃውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። «ምን? ይላግ? ይዘፍዘፍ? አሁን በር ላይ ምን ነበር ያሉኝ?»

«እማማ፣ እሱን ያልኩት የቴክኒኩን ጉዳይ ሳላይ ነው። አሁን ሁኔታው ተለውጧል። ለሥዕሉ ጥራት ብዬ እኮ ነው።» ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ጮኹ፦ «አናጢውን ጥሩልኝ!»

አናጢው መላጊያውን ይዞ መጣ። እሱን ተከትለው የወረቀት ቆራጮቹም፣ የጥረዛ ክፍል ሴቶችም በሩ ላይ ተኮለኮሉ። ወይዘሮ ትብለጥ ግድግዳ ተደግፈው፣ ሳንቃቸውን አቅፈው ቆሙ። አናጢው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ አለቃውን ያያል።

ይሄኔ ጋሽ ዘርጋው ከበሮውን ከማሽኑ ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። በንጹሕ ጨርቅ ይወለውለው ጀመር። ዘይቱን ከፈተ። የማጣበቂያ ፕላስተር ቆረጠ።

አቶ ልሳነወርቅ ደስ አላቸው። «አየህ! ሲፈለግ ይቻላል።»

«ይቻላል ጌታዬ» አለ ጋሽ ዘርጋው ቀና ሳይል። «ሳንቃው ይቅርና ሌላ ነገር እንጠቅልል። እዚሁ እያለልን ነው ለካ የተቸገርነው።»

«ምኑን?»

«ለእማማ የሰጡትን ቃል ነዋ። እሱን ይስጡኝና ልጠቅልለው። ከበር እዚህ እስኪደርስ፣ ሳይላግ ሳይዘፈዘፍ ነው የታጠፈው!»

መጀመሪያ የሳቀው አናጢው ነው። መላጊያውን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና ሰዉን እየገፋ ወጣ። በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ያዙ። አቶ ልሳነወርቅ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ጣራ ጣራውን እያዩ፣ በቀጭን ድምፅ «በሉ፣ ፎቶ አንሺ ይጠራ» አሉ።

ፎቶ አንሺው ሲመጣ ወይዘሮ ትብለጥ ሳንቃውን ለማንም አልሰጥም አሉ። ራሳቸው ግራና ቀኙን ይዘውት ቆሙ፤ እንደያዙትም ሥዕሉ ፎቶ ተነሣ። ፊልሙ ከበሮው ላይ ተጠቀለለ፣ ተሽከረከረ፤ ያቺ ብርሃንም ምንም ሳያመልጣት አነበበችው። በዚያ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ላይ ገበያው ከነሰዉ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ግራና ቀኙን ልብ ብሎ ያየ ሰው ደግሞ፣ ሥዕሉን ግጥም አድርገው የያዙ ስምንት ጣቶች ያያል።