ከዳር ወይስ ከጀልባ

አንድ ሰው ነበረ።

ቆይ፣ አትቁነጥነጥ ይርጋ። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «እናቴን ከአገር ቤት አምጥቼ እኔ ዘንድ ላስቀምጣት ወይስ እስካሁን እንደማደርገው ቅዳሜ ቅዳሜ እየተመላለስኩ ልጠይቃት?» ነው ያልከኝ። ዓይንህ ደም መስሏል፤ አውቶቡስ ላይ ስታንቀላፋ የከረምክ ሰው መሆንህን ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያሻም። እኔም ብሆን ዛሬ ደክሞኛል፤ ወገቤም እሺ አላለኝም። ስለዚህ ዝም ብለህ ስማኝ። ካቋረጥከኝ እተወዋለሁ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ጠላቂ ዋናተኛ። የሚኖረው ወደብ ካለበት ከተማ ነው። መርከብ ሲመጣ በጀልባ ይወጣል፣ ባሕር ውስጥ ይገባል፣ ከመርከቡ ሆድ ሥር የተለጠፈውን ቆሻሻ ይፍቃል፣ የላላውን ብሎን ያጠብቃል። የወደብ ውሃ ጭቃና ዘይት ነው፤ የገዛ እጁን እንኳ አያይም። እንዲህ ያለ ሰው ዕረፍት ሲያገኝ ከባሕር የሚሸሽ ይመስልሃል አይደል? አይሸሽም። በዓመት አንዴ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ውሃው ጥርት ወዳለበት፣ ዓሣው እንደ ልብ ወደሚታይበት ዳርቻ ይሄዳል። ሚስቱን መጥለቅ ያስተማራት እሱ ነው። ልጆቹም አደግ ሲሉ ተማሩ።

ለምን መሰለህ? ቤት ውስጥ እሱና ሚስቱ የሚነጋገሩት ስለ ዘይት መወደድና ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። እሱ ደክሞ ይመጣል፣ እሷ ደክማ ትጠብቀዋለች። አንዳቸው ሌላውን «እንዴት ዋልክ፣ እንዴት ዋልሽ» ይሉና መልሱን ሳይሰሙ ይተኛሉ። ጠብ የለም፤ ጨዋታም የለም። ውሃ ውስጥ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወርዳሉ። እሷ ደስ የሚል ዓሣ ስታይ እጁን ጨመቅ ታደርገዋለች፤ እሱም መልሶ ጨመቅ ያደርጋታል። የዓመቱ ደስታው ያቺ ናት። ሌላ የለውም።

እዚያ ዳርቻ ላይ ወደ ጥልቁ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከዳር ነው። የአየር ሲሊንደርህን ጀርባህ ላይ ታዝላለህ፣ ወደ ታች የሚያሰምጥህን የብረት ቀበቶ ወገብህ ላይ ትታጠቃለህ፣ ከዚያ በሾሉና በሚያዳልጡ ድንጋዮች ላይ እየተንገዳገድክ ሄደህ፣ ማዕበሉን በደረትህ እየገፋህ ትገባለህ። ሁለተኛው በጀልባ ነው። ባለጀልባው ቦታው ድረስ ይወስድሃል፤ ጠርዙ ላይ ትቀመጥና ወደ ኋላህ ትወድቃለህ። አበቃ።

ሰውየው ሁልጊዜ የሚመርጠው ከዳር መግባቱን ነበር። ወዶት ይመስልሃል? እንደ ጉድ ነው የሚጠላው! መጀመሪያ የራሱን ዕቃ ውሃው አጠገብ አድርሶ ይመለሳል። ቀጥሎ የሚስቱን ይሸከማል። ከዚያ የልጆቹን። ውሃ ውስጥ ሲገባ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የደከመ ሰው ደግሞ አየር ይፈጃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አየር የሚያልቅበት እሱ ነው። ገና ሚስቱ እጁን አንዴ ሁለቴ ጨመቅ ከማድረጓ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያሳያታል፤ እንውጣ ማለት ነው። ይወጣሉ። ዓመት የጠበቋት ነገር እንዲህ ሆና ታልቃለች።

ታዲያ ለምን ይለፋል? ለሚስቱ ሲል። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ባሕሩን ላሳይሽ ብሎ ጀልባ ላይ አሳፍሯት ነበር። ፊቷ አመድ መስሎ፣ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ዋለች። «ምን ሆነሻል?» አላት። «ምንም» አለችው። እሱም በሆዱ «ጀልባ ትፈራለች፤ አፍራ ነው የደበቀችኝ» አለና ዳግመኛ ጀልባ የሚባል ነገር አላነሳባትም። ይሉኝታ አለዋ! ሚስቱን ላለማሳፈር ሲል ወገቡ ቢቆረጥ ይመርጣል።

በየዓመቱ እዚያ ሲደርሱ ታዲያ «ከየት እንግባ?» ይላታል። እሷም «አንተ እንዳልክ» ትለዋለች። «እንግዲያው ከዳር ይሁን።» «ከዳር ይሁን።» ምክክራቸው ይህችው ናት። ባለጀልባው ከሩቅ እጁን እያውለበለበ «ኧረ ጌታው፣ ጀልባው ባዶውን ነው! ኑ ግቡ!» ሲል ሰውየው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላ ጊዜ» ይለዋል። ሌላ ጊዜ የሚባለው ግን አልመጣም። አንድ ዓመት ትልቋ ልጁ «አባዬ፣ እኛ ለምንድን ነው በጀልባ የማንገባው?» ብትለው ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ «ዝም በይ፣ እናትሽ ጀልባ አይስማማትም» አላት። ልጅቱም ዝም አለች። በዚያ ቤት ዝም ማለት ሁሉም ይችልበታል።

በመጨረሻ፣ አንድ ዓመት ሊሄዱ ሲሰናዱ፣ ያቺው ልጅ አባቷን ገለል አድርጋ «አባዬ፣ እማዬ ከዘንድሮ በኋላ ባሕር አልሄድም ብላኛለች። እንዳትነግሪው ብላኛለች ደግሞ» አለችው።

ሰውየው ክው አለ። «ምን አጠፋሁ አለች?»

«ምንም አላለችም። በቃኝ ብቻ ነው ያለችው።»

መንገዱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ተጓዘ። «ሰልችቻታለሁ» ነው የሚለው ልቡ። «ያን ሁሉ ድንጋይ ለእሷ ስል ተመላልሼበት፣ ትከሻዬ ተልጦ፣ ይኸው ባሕሩንም እኔንም ልትተወኝ ነው።» ያቺ አንዲት ደስታው ከእጁ ልትወጣ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀራቸው የዘይቱና የትምህርት ቤቱ ወሬ ብቻ ነው። አዘነ፤ ሲያዝን ቆይቶ ደግሞ ተናደደባት። ቂም እንዴት እንደሚገባ ታውቃለህ ይርጋ? ማንም ያልጠየቀህን ሸክም ስትሸከም ነው። የተሸከምክለት ሰው አያውቅልህም፤ አንተም አትነግረውም፤ ግን ለምን አላወቀልኝም ብለህ ትቀየመዋለህ። ወይ ጣጣ!

ደረሱ። «ከየት እንግባ?» አላት፤ ዓይኗን ሳያይ። «አንተ እንዳልክ» አለችው፤ እሷም ሳታየው። ከዳር ሆነ።

የራሱን ዕቃ አድርሶ ተመለሰ። የእሷን ሲሊንደር ትከሻው ላይ አድርጎ ከፊት ከፊት ሄደ። እሷ የልጇን ትከሻ ተደግፋ ከኋላው ትከተለዋለች። ድንጋዩ እንደ ወትሮው ያዳልጣል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ግማሽ መንገድ ላይ ማዕበል መጣና ጉልበታቸውን መታቸው። ከኋላው «እህ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ዞር ሲል ሚስቱ በጉልበቷ ድንጋይ ላይ ወድቃለች። ከንፈሯን ነክሳ «ምንም አልሆንኩም፣ ምንም አልሆንኩም፣ ሂድ» ትለዋለች። ጉልበቷ አብጧል። የዛሬ እብጠት ደግሞ አይደለም፤ የከረመ ነው።

ሰውየው ሲሊንደሩን ከትከሻው አውርዶ ድንጋዩ ላይ ለቀቀው። ድው! አለ። ልብ በል፣ ጠላቂ ሰው ሲሊንደሩን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ነው ቀስ አድርጎ የሚያስቀምጠው፤ እንዲህ አድርጎ አይጥልም። ልጆቹ ደንግጠው ባሉበት ቆሙ። እሱ እዚያው እርጥቡ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና፣

«ደክሞኛል» አለ።

ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ደክሞኛል እኮ ነው የምላችሁ! ይህን ድንጋይ እጠላዋለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጠላዋለሁ። አንቺ ጋ ውሃ ውስጥ ስደርስ ትንፋሽ የለኝም፤ ገና እጅሽን ከመያዜ እንውጣ እላለሁ። በጀልባ ብንገባ ደስ ይለኝ ነበር። ይኸው ተናገርኩ። እንግዲህ ተቀየሚኝ።»

ሚስቱ አፏን ከፍታ አየችው። «ጀልባ? አንተ? ጀልባ የሚባል ነገር ዓይኔ አይየው ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኔ? መቼ?»

«ሙሽሮች ሳለን! ከሥራ መጥተህ፣ ጫማህን ወርውረህ! ዓመቱን ሙሉ ለእንጀራው ብሎ ጀልባ ላይ ሲንገላታ የከረመ ሰው፣ በዕረፍቱ ቀን እንኳ መሬት ይርገጥ ብዬ ነው እንጂ እኔማ ይህን ድንጋይ ምን ልሁን ብዬ እወደዋለሁ? ጉልበቴን በላው እኮ!»

«ያን ቀን አለቃዬ ሰድቦኝ ነው! ጀልባው ምን አደረገኝ?» ሰውየው ጮኸ። «አንቺ አይደለሽ ወይ የምትፈሪው? ጠርዙን ጨምድደሽ፣ ፊትሽ አመድ መስሎ…»

«አንተ ሰው! ነፍሰ ጡር ነበርኩ እኮ! ሆዴ ነው ሲገለባበጥ የነበረው። ገና እርግጠኛ ሳልሆን ምን ብዬ ልንገርህ?» አለችና ጣቷን ወደ ትልቋ ልጅ ቀሰረች። «ይህችን!»

መጀመሪያ የሳቀችው ልጅቱ ናት። ቀጥሎ እናትየው ሳቀች፤ እየሳቀች ሳለ እንባዋ መጣና ሳቁን ቆረጠው። ሰውየው ግን አልሳቀም። ከፊቱ የቆመችውን ልጅ አየ፤ ቁመቷ እናቷን አልፏል። ያን ሁሉ ዓመት ሚስቴን ተሸከምኩ ሲል፣ ለካ በየዓመቱ እጇን ይዞ በድንጋይ ላይ ሲያስኬዳት ነው የኖረው። እሷም አሳረፍኩት ስትል ወገቡን ስታስቆርጠው። ጠላት እንኳ እንዲህ አይጨካከንም። እነሱ ግን ያደረጉት ተዋደው ነው። ይህ ነው የሚያንገበግበው።

ባለጀልባውን ጠሩት። «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች!» እያለ መጣ። ዕቃውን እሱ ጫነ፣ ቦታው ድረስ እሱ ወሰዳቸው። ባልና ሚስት ጠርዙ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ኋላቸው ወደቁ። ውሃ ውስጥ ጉልበት ምንም አይሸከምም፤ ሴትየዋ እንደ ልጅነቷ ተንሳፈፈች። የዚያን ቀን አየሩ ቀድሞ ያለቀበት የለም፤ እኩል ነው የወጡት።

ፈገግ አትበል ይርጋ፤ አልጨረስኩም። ከተማ ሲመለሱ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ ጉልበቷን ወዲያ ወዲህ አድርጎ አየና «ተበልቷል። ምነው ዘገያችሁ?» አለ። ምን ይበሉት? ከዚያ ወዲያ ጥቂት ዓመት በጀልባ ገቡ። ውሃው ውስጥ ደህና ናት፤ ወደ ጀልባው የሚያወጣውን መሰላል መውጣት ግን አቃታት። ተዉት። አሁንም ዳርቻው ድረስ ይሄዳሉ፤ ጥላ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ልጆቻቸው በጀልባ ሲሄዱ ያያሉ። ያወራሉ፣ ይሄ እውነት ነው፣ አሁን ብዙ ያወራሉ። ውሃው ግን ቀረባቸው።

እንግዲህ ሰውየው አንተ ነህ። በየሳምንቱ የሚያንገላታህ አውቶቡስ ድንጋዩ ነው። ሚስቲቱ እናትህ ናት። አንተ «ከቀዬዋ መነቀል አትወድም» ብለህ ትመላለሳለህ። ማን ነገረህ? እሷ ደግሞ አንተ ትመጣለህ ብላ ከዋዜማው ጀምሮ ስትጠርግ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ስታበስል፣ ወገቧን ይዛ «ልጄ አገሩን ካላየ አይሆንለትም» ትል ይሆናል። ላትልም ትችላለች፤ እኔ በምን አውቃለሁ? አንተም አታውቅም። ከእሷ ዘንድ ያለውን መልስ እኔ ዘንድ መጥተህ ትፈልገዋለህ። እኔ እናትህ ነኝ እንዴ?

አውቃለሁ፣ ጠይቄያታለሁ ልትለኝ ነው። «አንተ እንዳልክ ልጄ» ብላሃለች፤ ምን ልትልህ ኖሯል? ስትጠየቅ ለጠያቂው የሚቀለውን የምትመልስ ሴት ናት፤ እንደዚያ ሆና ነው ያደገችው። ስለዚህ አትጠይቃት። ሰውየው በየዓመቱ ይጠይቅ ነበር፤ ምን ጠቀመው? የጠቀመው የተናገረ ቀን ነው። አንተም መጀመሪያ የራስህን ተናገር። ጎኗ ቁጭ በልና «እማ፣ ደክሞኛል» በላት።

ምን አልክ? ጮክ በል፣ ጆሮዬ ደህና አይደለም። «ደክሞኛል ካልኳት ሰለቸሁት ብላ ታዝናለች»? ትዘን! አንድ ከሰዓት ታዝናለች፣ ምናልባት ታኮርፍሃለች፤ ከዚያ ደግሞ የእሷን ታወጣዋለች። ያኔ አብራችሁ ትመርጣላችሁ፤ እዚያም ሆነ እዚህ፣ ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው። ሰውየው ያን ሁሉ ዓመት የፈራው እኮ የአንድ ከሰዓት ኩርፊያ ነው። ዋጋውን ግን በጉልበቷ የከፈለችው እሷ ናት። ያንተንም ዝምታ ዋጋ እየከፈለች ያለችው እናትህ ናት፤ በስተርጅና፣ ብቻዋን። በል ተነሥ፣ ሂድ፤ እኔም ጋደም ልበል።