የሰኞ እግር

ለመሆኑ እናንተ በአደባባይ ስታስተምሩት የኖራችሁትን ነገር፣ የተከበረ እንግዳ ሲመጣባችሁ ከጓሮ ደብቃችሁት አታውቁም? አናውቅም ካላችሁ ይህ ምሳሌ ለእናንተ አልተነገረምና እለፉት።

የተነገረው አትጠገብ ለምትባል ወጣት ነው። አትጠገብ በሐይቅ ዳር ባለች ሜዳማ ከተማ፣ ያለ ደመወዝ፣ በገዛ ፈቃዷ ሰውን ብስክሌት ታስለምዳለች። እሷና ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ መምህሩን፣ ነጋዴውን፣ የቢሮ ጸሐፊዋን ሰብስበው ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር በብስክሌት እንዲሄዱ ያለማምዳሉ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብስክሌቷን እየገፋች፣ ብዙ ዘመን በባዕድ አገር ኖራ ወደተመለሰች አንዲት አሮጊት ግቢ ገባች። አሮጊቷ በመጻሕፍቷ ብዛትና በምላሷ ምሬት የታወቀች ነበረች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለች አትጠገብ። «ብስክሌቴን እስከ ሰኞ እዚህ ላቆማት?»

«ምነው፣ ታመመች?»

«ኧረ ደህና ናት። እሁድ ሽማግሌዎች ሊመጡልኝ ነው። የልጁ ቤተሰቦች ወግ አጥባቂ ናቸው አሉ። አክስቴ ‹ግቢ ውስጥ እንዳያዩዋት፤ ከጠየቁም ትታዋለች እንላቸዋለን› አለችኝ።»

«ልጁ ራሱስ ምን ይላል?»

«እሱማ የተዋወቅነውም በብስክሌት ነው። ‹አንድ ቀን አይደለች? ተያት› ነው የሚለው።» አትጠገብ መሬት መሬቱን አየች። «እውነት ግን እማማ፣ ለአንድ ቀን ብደብቃት ምን ክፋት አለው?»

አሮጊቷ መነጽሯን አውልቃ ብስክሌቷን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ «ተቀመጪ» አለችና እንዲህ ስትል ጀመረች።

አንድ ሰው ነበረ። በሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ ከጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነበረ። ያን ጊዜ በዚያች ከተማ መኪና ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ። ከተማዋ ግን ሜዳ ናት፤ ዳገት የሚባል አታውቅም። ድሬሰሩ በየቀኑ የሚያየው ዘግይቶ የደረሰ ሰው ነው። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ዘግይቶ ይደርሳል፤ እግሩ የመገለ ዓሣ አጥማጅ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁሉም በእግሩ ነው የሚመጣው። እሱ ግን በአንዲት አሮጌ ብስክሌት ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን፣ እኔ በእሷ ከደረስኩ ሌላውን ምን ያግደዋል? ብሎ አሰበ።

ሐሳቡ መልካም ነበረ። ይህን ልብ በይ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

ከአንድ ልብስ ሰፊና ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ጋር ሆኖ ማኅበር አቆመ። ማንም አልከፈላቸውም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሕዝቡን ይሰበስባሉ። ጠጋኙ የተጣሉ ብስክሌቶችን ገጣጥሞ ያመጣል፤ ልብስ ሰፊው ሰልፍ ያስይዛል፤ ድሬሰሩ ያስተምራል። «ብስክሌት የእሁድ መጫወቻ አይደለችም!» ይላል ጮክ ብሎ፤ «የሰኞ እግር ናት!» ሰዉም ያጨበጭባል። ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ጉድጓዱን አትዩ። ሰው ወደሚያየው ነው የሚሄደው። ጉድጓዱን ካያችሁት ጉድጓዱ ውስጥ ናችሁ።»

ወንዶቹ ቶሎ ለመዱ። ሴቶቹ ግን ዳር ቆመው ያያሉ እንጂ አይቀርቡም። ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ከወጣች ክብሯ ይጎድላል፣ ባል አታገኝም ይባል ነበር። ድሬሰሩ ይህን በምክር ሊያሸንፈው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ስለዚህ አንድ እሁድ ያለችውን አንዲት ልጁን፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰችውን፣ እጇን ይዞ ሜዳው መካከል አወጣት። የቀሚሷን ጫፍ በገመድ ሰብስቦ አሰረላት። ኮርቻውን ይዞ አብሯት ይሮጥ ጀመር።

«ድሬሰር!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከዳር። «ልጅህን ነው ወይስ በቅሎህን ነው የምትገራው?»

«የበቅሎው ቀን ሲደርስ አንተን እጠራሃለሁ!» አለው፣ ሩጫውን ሳያቆም።

ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቁ መካከል ኮርቻውን ለቀቀ። ልጅቱ እንደተለቀቀች አላወቀችም። እስከ ዓሣ ገበያው ሄዳ፣ ዞራ ተመለሰች። ስትሄድ ያፏጨባት ብዙ ነበር፤ ስትመለስ ግን ሜዳው ጸጥ ብሎ ጠበቃት።

በሚቀጥለው እሁድ መጀመሪያ የመጣችው አዋላጇ ናት። ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ነበረች። «ወንድሜ፣ እኔን የምትሸከም ብስክሌት ካለችህ አምጣት፤ ክርስትና አነሳታለሁ» አለችው። ወጣች፤ ወደቀች። «ወንድ ነው!» ብላ ተነሣች። ደግማ ወደቀች። «መንታ ነው ለካ!» አለች። ወሩ ሳያልቅ ከከተማው ጫፍ፣ ደንገል በሞላበት ዳርቻ ምጥ ለያዛቸው የዓሣ አጥማጅ ሚስቶች በብስክሌት ትደርስላቸው ጀመር። እሷን አይታ መምህርቷ ወጣች። መምህርቷን አይታ ጨው ነጋዴዋ ወጣች። የድሬሰሩ ልጅም ሰኞ ጠዋት በብስክሌቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ አባቷ ከጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ያያት ነበር። ልቡ ሙሉ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ።

ወፍጮ ቤት ያለው አንድ ሀብታም ሰው ልጅቱን ለልጁ ፈለጋት። ድሬሰሩ ደነገጠም፣ ደስም አለው። ሚስቱን ግን ደስታው እንቅልፍ ነሳት። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ጠዋት «ዛሬን ብቻ» አለችው። «በልጄ ሞት፣ ዛሬን ብቻ ያችን ብረት ከዓይን አርቅልኝ። ጠባይ ያላት ልጅ በጎማ ምክንያት ቆማ ትቅር?» እሱም፣ ለአንድ ቀን ምን ይጎዳል? አለ። የልጅቱን ብስክሌት ከማድ ቤቱ ጀርባ ወስዶ ጆንያ ጣለባት። የራሱን አልደበቀም። የሱ የወንድ ናት።

ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀመጡ። ልጅቱ እንደ ወጉ ጓዳ ነበረች። አዋላጇም ጎረቤት ናትና፣ መስተንግዶውን ልታግዝ መጥታ ከልጅቱ ጋር ወጡን ታማስላለች። ጓዳውን ከእንግዳ ቤቱ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነበር።

ዘር ተቆጠረ፤ አገር ተወራ። በመጨረሻ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድማችን፣ ልጅህ ጨዋ መሆኗን ሰምተን ነው የመጣን። ግን የሰው አፍ አያርፍም። በብስክሌት ላይ ወጥታ ከወንድ ጋር ትሽቀዳደማለች ይባላል። ለላከን ሰው ምን ብለን እንንገረው?»

ድሬሰሩን መልሱ አልጠፋውም፤ እሁድ እሁድ ሲጮኸው የኖረ መልስ ነው። አዎን፣ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር። ግን የሽማግሌዎቹን ዓይን አየ። ጋቢያቸውን አየ። ሚስቱ በሩ ሥር ከንፈሯን ነክሳ መቆሟን አየ። ልጄ በእኔ ጩኸት የተነሣ ጎጆ ሳትወጣ ብትቀርስ? አለ በልቡ።

«የኔ ልጅ?» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የኔ ልጅማ እንኳን ልትወጣባት ነክታትም አታውቅ። በብስክሌት የሚሄዱት ያው… ቤት ለቤት የሚዞሩ ሴቶች ናቸው።»

«ተመስገን!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ነገሩ አለቀ።

ጓዳ ውስጥ አዋላጇ ማማሰያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ሥራዋ ቤት ለቤት መዞር ነው፤ ሌላ ማንን ሊል? ያን ቀን ቀልድ አልመጣላትም። የልጅቱን ትከሻ ነካ አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በጓሮ በር ወጣች።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ከሄዱ በኋላ ልጅቱ ከጓዳ ወጣች። አላለቀሰችም።

«አባባ» አለችው፤ «ሰኞ በምን ልሂድ?»

ድሬሰሩ ያን ያህል አጭር ጥያቄ ይከብደኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። «ትንሽ ታገሺ» አላት። «ወሬው እስኪበርድ።»

ሰኞ በእግሯ ሄደች።

በዚያው ሰኞ ጠዋት ድሬሰሩ በሩን ሲከፍት የአዋላጇ ብስክሌት አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ታጥባለች፤ ጎማዋ በደንብ ተነፍቷል። በማግስቱ የመምህርቷ ከጎኗ ቆመች። ከዚያ የጨው ነጋዴዋ። ሳምንቱ ሳያልቅ አጥሩ በብስክሌት ተሸፈነ። አንዲትም ሴት አልሰደበችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

አዋላጇ ቤት ሄደ። «እህቴ፣ ያመለጠኝ ቃል ነው፤ አንቺን ማለቴ አልነበረም» አላት።

«እኔን ማለትህ እንዳልነበረ አውቃለሁ» አለችው። «አንተ ለራስህ መውጫ ስትፈልግ ነው ያገኘኸኝ። ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ወንድሜ። ቃሉ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወጥቷል። ነገ መንገድ ላይ ብታይ ሕፃኑ ሁሉ የሚጠራኝ አንተ ባወጣህልኝ ስም ነው።»

«ከጎንሽ ሆኜ አብሬሽ እነዳለሁ።»

«የት ድረስ? እንግዳ እስኪመጣ ድረስ?»

ድሬሰሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በጋ ላይ ከደንገሉ ዳርቻ አንዲት የዓሣ አጥማጅ ሚስት ምጥ ያዛት። መንገዱ ደረቅ ነበር፤ ለብስክሌት የሚመች ነበር። አዋላጇ ተጠራች፤ እየሮጠች፣ እያረፈች፣ ደግሞ እየሮጠች በእግሯ ሄደች። ስትደርስ ሕፃኑ ይጮኻል። እናቲቱ ደሟ አልቆም ብሎ አልቃለች፤ በነጠላ ሸፍነዋታል። ድሬሰሩም ኋላ ተጠርቶ ነበርና በብስክሌቱ መጣ። አዋላጇ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ያበጠ እግሯን ትዳብሳለች። ቀና ብላ አየችው። ቀጥላም ብስክሌቱን አየች። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

ልጅቱ በመኪና ተድራ ሄደች። ማኅበሩ እሁድ እሁድ መሰብሰቡን ቀጠለ። ድሬሰሩ መጮኹን አልተወም፤ «የሰኞ እግር ናት!» ይላል፣ ወንዶቹ ያጨበጭባሉ። ሰኞ በመጣ ጊዜ ግን በመንገዱ ላይ በብስክሌት የምትሄድ አንዲት ሴት አትታይም ነበር።

አሮጊቷ ታሪኩን እዚህ ላይ አበቃች። አትጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችውን ብስክሌቷን አየች።

«አየሽ አትጠገብ» አለች አሮጊቷ፤ «ያ ሰው አንቺ ነሽ። ለአንድ ቀን ብደብቃት ምን ክፋት አለው ብለሽ ጠየቅሽኝ። እሱም የደበቃት ለአንድ ቀን ነው። ሰው ከቅዳሜ ጩኸትሽ የሚማረው ጥቂት ነው። የሚማረው የተከበረ እንግዳ በመጣብሽ ቀን ከምታደርጊው ነው። ያቺ የምታለማምጃት የቢሮ ጸሐፊ አሁን ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ እሁድ ምን እንደምትዪ ጆሮዋን ጥላ ትጠብቅሻለች። ጆንያውን የምትጥዪው በብረት ላይ ይመስልሻል። በእሷ ላይ ነው የምትጥዪው።»

«ሰውየውስ፣ እማማ… አልተጸጸተም?»

«ተጸጽቷል። አርጅቶ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ልጁን ከሰው አገር አስጠራት። ያን ቀን በልቡ የነበረውን ሁሉ፣ ለአንቺ እንደነገርኩሽ፣ ምንም ሳያስቀር ነገራት። ከዚያ ማሪኝ አላት።»

«ማረችው?»

አሮጊቷ መነጽሯን መልሳ አደረገች።

«ልጅቱ እኔ ነኝ» አለች። «አልማርኩትም። ስለ ይቅርታ ብዙ አንብቤያለሁ፤ አብዛኛውን የጻፉት ይቅርታ የሚፈለግባቸው እንጂ የተበደሉት አይመስሉኝም። ያች በነጠላ የተሸፈነች ሴት ሳትልከኝ እኔ ማን ነኝና በእሷ ስም እምራለሁ? አባቴን አልማርኩም። ‹ዛሬን ብቻ› ያለችውን እናቴንም አልማርኩም። ‹ተመስገን› ያሉትንም፣ እሁድ አጨብጭበው ሰኞ ዝም ያሉትንም አልማርኩም። ሁሉም ሞተዋል፤ ቢሞቱም አልምራቸውም። በይ ብስክሌትሽን ይዘሽ ውጪ። እዚህ ትተሻት ከሄድሽ አንቺንም አልምርሽም።»