አጥሚቱ ውስጥ የገባው ቅጠል

አንድ ባለ ወፍጮ ነበር፤ ስሙ አየነው ይባላል። ሚስቱን ስንዱን የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሲጀምራት፣ ከእናቷ ከእትዬ የሺወርቅ ጋር ሆኖ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል አመጣት። ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተው። ከማዋለጃ ክፍሉ በር እስከ ግቢው ዛፍ፣ ከዛፉ እስከ በሩ ሲመላለስ ረፈደ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይደነግጣል፤ በተዘጋም ቁጥር ይደነግጣል።

ሐኪሙ ጠዋት ስንዱን አይቶ፣ "ምጡ ደካማ ነው፤ ማፋጠኛ መድኃኒት በግሉኮስ ይሰጣት" ብሎ አዋላጇን አዘዘና ሌሎች ታካሚዎችን ሊያይ ሄደ። መድኃኒቱ እስኪመጣ እትዬ የሺወርቅ ፔርሙዝ ይዘው ገብተው ለልጃቸው አጥሚት አጠጥተዋት ወጡ። ብዙም ሳይቆይ የስንዱ ጩኸት ተለወጠ። እየመጣ ይመለስ የነበረው ምጥ ፋታ ነሳት።

አየነው አማቱን ዞር ብሎ አየ። ፔርሙዙን ነጠላቸው ሥር ይደብቃሉ።

"እትዬ፣ ምን ሆኑብኝ?"

ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አጥሚቱ ውስጥ ቅጠል ጨምሬበት ነበር። ምጥ ያቀላል ብለው የሰጡኝ ነው። ቶሎ ትገላገልልኝ ብዬ እኮ ነው ልጄ።"

"ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?"

"ለዚያች አዋላጅ? የጎረቤቴ ልጅ የወለደች ጊዜ እናቲቱን በሰው ፊት እንዴት እንዳዋረደቻት በዓይኔ አይቻለሁ። አንተም አፍህን ያዝ!"

አየነው ስለ መድኃኒት የሚያውቀው ነገር የለም። ቢናገር አማቱን ያዋርዳል፤ ዝም ቢል ደግሞ ያ ጩኸት አለ። ወደ ዛፉ ሄደ፤ ሳይደርስ ተመለሰ። በበሩ ክፍተት ሲያይ አዋላጇ ግሉኮሱን ሰቅላለች። አንድ እጇን የስንዱ ሆድ ላይ አድርጋ ፊቷ ተጨማዷል። መርፌውን ታነሳለች፤ መልሳ ታስቀምጣለች። በዚህ መሃል ሐኪሙ ከኋላው መጥቶ አልፎት ገባ።

"እስካሁን አልጀመርሽላትም? ምን ትጠብቂያለሽ?"

አዋላጇ አንገቷን ደፋች። መርፌውን አነሳች።

አየነው ከዚያ ወዲያ አላሰበም። የአማቱን ክንድ ይዞ እየጎተተ ገባ። "ቆይ ዶክተር! እባክዎ፣ መጀመሪያ እሳቸውን ይስሟቸው!"

እትዬ የሺወርቅ እያለቀሱ ተናገሩ። አዋላጇ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን የአሮጊቷን ፊት አየችና ተወችው። ድንገት ወደ ሐኪሙ ዞረች።

"ዶክተር፣ እኔም ምጧ አላማረኝም ነበር። ሆዷ ጠንክሮ ቀርቷል፤ አይላላም። መድኃኒቱ ይቆይ ልልዎ ነበር፤ ባለፈው 'ያልኩሽን ብቻ አድርጊ' ስላሉኝ ፈራሁ።"

ይህ መድኃኒት በዚያ ቅጠል ላይ ቢጨመር ማህፀኗ ሊቀደድ ይችል ነበር። ሐኪሙ ግሉኮሱን በገዛ እጁ አወረደው። ከዚያ እትዬ የሺወርቅ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

"እናቴ፣ አልቆጣዎትም። ምን ያህል ጠጣች? መቼ?"

ነገሩት። አዋላጇ የፅንሱን የልብ ምት አዳመጠችና፣ "እየቀነሰ ነው" አለች። ሐኪሙ ወደ ስንዱ ጎንበስ አለ። "ስንዱ፣ ልጁ ተጨንቋል። በቀዶ ሕክምና እናውጣው። ምን ትያለሽ?"

ስንዱ የእናቷን እጅ ፈለገች፤ ያዘችው። "አውጡልኝ" አለች።

የቀዶ ሕክምናው በር ሲዘጋ አየነው ደም ሊሰጥ ሮጠ። ሲመለስም አልተቀመጠም። በኋላ አዋላጇ አንዲት ሕፃን አቅፋ ወጣች። ሕፃኗ መጀመሪያ አልጮኸችም ነበር፤ ብዙ ታግለውላት ነው ነፍስ የዘራችው። እናቲቱም ደህና ናት። አዋላጇ ሕፃኗን ለአያቷ ሰጠችና፣ "እትዬ፣ ያ ቅጠል ልጅዎንም የልጅ ልጅዎንም ሊያሳጣዎት ነበር። ከእንግዲህ ሴት ስታምጥ እንዳይሰጡ" አለቻቸው፤ በዝግታ፣ ጎናቸው ተቀምጣ። እትዬ የሺወርቅም "እሺ ልጄ" አሉ።

ወዳጆቼ፣ በዚያ ክፍል ስንዱን የሚጠላ ሰው አልነበረም። እናቷ ይወዷታል፤ አዋላጇ ሥራዋን ታውቃለች፤ ሐኪሙም ሊያድናት ነው የመጣው። ይሁንና እናት አዋላጇን ፈሩ፤ አዋላጇ ሐኪሙን ፈራች፤ ሐኪሙም አልጠየቀም። በዚህ መሃል ሁለት ነፍስ ሊጠፋ ነበር። የምትወልድን ሴት የሚያድናት፣ ቤተሰብ የሚያውቀውን ሳይሸሽግ ሲናገር፣ አዋላጅ የተሰማትን ደፍራ ስትገልጽ፣ ሐኪምም ሁለቱን ሲሰማ ነው። ቁጣችን የዘጋው አፍ ምን እንደያዘ አናውቅም።

እስቲ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፤ በቤታችንም ሆነ በሥራ ቦታችን፣ እኛን ፈርቶ ዝም ያለ ሰው ማን ነው?