አዳቃዩና ብልቃጡ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ላሞችን ማስረገዝ ነበር። አትሳቅ ውብሸት፤ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍልበት ሥራ ነው። የምርጥ ኮርማ ዘር በብርድ ዕቃ ጭኖ በሞተር ብስክሌት ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራል። አገሬው አዳቃዩ ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው ልበለው። «ጋሼ፣ ወንድ ልጅ ዘሩን በብልቃጥ ይዞ ላቦራቶሪ ደጅ ቢቆም ክብሩ የት ይቀራል?» ብለህ ጠየቅኸኝ አይደል? መልሱ ያለው እዚህ ሰው ዘንድ ነው።

አዳቃዩ በሥራው እንከን አይወጣለትም ነበር። ከመጣለት ዘር ጥቂት አቅልጦ በማይክሮስኮፕ ሳያይ አንዲት ላም አይነካም። ብዙው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ይሠራበታል፤ ከደከመ ይደፋዋል። ላሜ መካን ናትና ልሽጣት የሚል ገበሬ ሲገጥመው ይቆጣል። «መጀመሪያ ዘሩ ይታይ፤ ላሚቱን ከዚያ ትከሳታለህ» ይለዋል። ስንቷን ላም ከቢላዋ አትርፏል መሰለህ። እኔ ይህን ሰው አከብረዋለሁ። ቀጥዬ የምነግርህን እያወቅሁም አከብረዋለሁ።

ሚስቱ ደብሪቱ ትባላለች። በዚህ ታሪክ በስም የምጠራው እሷን ብቻ ነው፤ ይገባታል። ስምንት ዓመት በትዳር ኖረው ልጅ አልወለዱም። ያልሄደችበት ጠበል፣ ያልጠጣችው ሥራ ሥር አልነበረም። ሐኪም ቤት ሦስት ጊዜ ተመርምራ ምንም አልተገኘባትም። ሦስቱንም ጊዜ ሐኪሙ ባልሽም ይመርመር ብሎ ወረቀት ሰጥቷታል፤ ባል እየተቀበለ መሳቢያ ውስጥ ያስገባዋል። አማቷ ደግሞ በር አጠገብ ካለች ዱካ በቀር ሌላ መቀመጫ አትሰጣትም ነበር። በመጨረሻ ከመስቀል በኋላ ሽማግሎች ይቀመጡ፣ ደብሪቱም ወደ አባቷ ቤት ትመለስ ተባለ። ባሏ ይህን ሰምቶ ዝም አለ።

ቀኑ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው አዳቃዩ ራት እየበላ የውሎውን ያወራል። አንድ ገበሬ ላሙን ለነጋዴ ሊያስረክብ ሲል ደርሶ አስቆመው። ሌላ አዳቃይ ያመጣላት ዘር ሲታይ ለካ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ኖሯል፤ ላሚቱ አንዳች እንከን የላትም። ደብሪቱ ወጥ እየጨመረችለት ነበር። «እሰይ፣ ላሚቱስ ጠበቃ አገኘች» አለች። እሱም ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

በማግስቱ ከመሳቢያው አንዱን ወረቀት አውጥቶ ከተማ ወረደ። ላቦራቶሪ ያለችው ሴት ብልቃጥ ሰጠችው። ሦስት ቀን ከሚስቱ ተለይቶ እንዲቆይ፣ ከዚያ በኋላ ሙቀቱን ሳይለቅ፣ ሰዓት ሳይሞላው እንዲያደርስ ነገረችው። ሙቀቱን ያለችው ግን አልገባ አለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ዘር በብርድ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ ማን ሊያስተምረው። ብልቃጡን በበረዶ ሳጥን አሽጎ በሞተሩ እየበረረ አደረሰላት።

ሴትየዋ አጎንብሳ አየች። አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። ሌላ ቢሆን «የለም» ብሎ ጽፎ ያሰናብተው ነበር፤ ሥራው ብዙ ነዋ። እሷ ግን ጠርታ «እንዴት አድርገው ነው ያመጡት?» አለችው።

«በበረዶ ነዋ» አላት ኮራ ብሎ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ እኮ ኮርማ አይደሉም። የኮርማው እንኳ ከመቀዝቀዙ በፊት የሚጠብቀው ነገር ይጨመርበታል። የእርስዎን ብርዱ ፈጅቶታል፤ በዚህ ላይ ውጤት አልጽፍም። ሌላ ቀን በብብትዎ ይዘው ይምጡ።»

ይህን ያውቅ ነበር፤ ተምሮታል። ስለ ራሱ ሲሆን ግን ዕውቀቱ ጥሎት ሄደ። በሳምንቱ በብብቱ ይዞ ተመለሰ። ሴትየዋ ፈሳሹ እስኪቀጥን ጠበቀች፤ ቆጠረች፤ እንደገና ከሌላ ጠብታ ቆጠረች፤ ሁለቱ ቆጠራ ሲቀራረብላት ብቻ ብዕር አነሣች። የማታውቀው ሰው ትዳር እጇ ላይ እንዳለ የገባት ሴት ነበረች። እግዜር ይስጣት። እሱ ግን ወረቀቱን አልጠበቀም፤ እባክሽ ልየው ብሎ በማይክሮስኮፑ አጎነበሰ። ጥቂት ናቸው፤ ከጥቂቶቹም ብዙዎቹ ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ እንጂ አይሄዱም። የኮርማ ቢሆን ደፍቶት ነበር። ሴትየዋ አንድ ውጤት የመጨረሻ እንዳልሆነ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ መደገም እንዳለበት፣ ሐኪምም ሊረዳው እንደሚችል ነገረችው። አመስግኗት ወጣ።

የሽማግሎቹ ቀን ደረሰ። የደብሪቱ አባት መጥቷል፤ አማቷ ከፍ ካለው መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ደብሪቱ በሩ አጠገብ ናት። ገና ነገሩ ሳይጀመር አዳቃዩ ተነሥቶ ወረቀቱን መሐል አኖረው።

«ደካማው ዘር የእኔ ነው» አለ። «ለሰው ላም ስሟገት ኖሬ ለሚስቴ ስምንት ዓመት ዝም አልሁ። ልሂድ ካለች መብቷ ነው። ጥፋተኛ ተብላ ግን ከዚህ ቤት አትወጣም።»

እናቱ ቀስ ብላ ተነሣች። በሩ ድረስ ሄዳ የደብሪቱን እጅ ይዛ ከራሷ መቀመጫ ላይ አስቀመጠቻት፤ እሷም በደብሪቱ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ደብሪቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ይህን ማን ነገረህ ብትለኝ፣ ከሽማግሎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ልፈርድባት የሄድሁ ሰው ነኝ። እስካሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ወለዱ ወይ ልትለኝ ነው። አልነግርህም። ብነግርህ የምትይዘው ያንን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። የዚያ ሰው ክብር ላቦራቶሪ ደጅ አልቀረም፤ በእግሩ ቆሞ ሲናገር አብሮት ቆሞ አይቼዋለሁ። ወረቀቱ ዘሩን ቆጠረ እንጂ ሰውየውን አልቆጠረም። እሱን እኛ አየነው።

ውብሸት፣ አዳቃዩ አንተ ነህ። ሾፌር ነህ፤ መኪናህ አልነሣ ሲልህ ኮፈኑን ትከፍታለህ እንጂ መንገዱን አትሰድብም። ባለቤትህ ግን ስንቴ ተመረመረች? ያቺን የሐኪም ወረቀት ከገባህ ጀምሮ በደረት ኪስህ ላይ ስትዳብሳት አይቼሃለሁ። ነገ ጠዋት ወረቀቷን ይዘህ ሂድ። ብልቃጡንም በብብትህ ያዝ።