በሩን ያዞረው ሾፌር

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ መዝገቡ።

የጠየቀቻቸው ትርንጎ ናት፤ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የሁለት ሕፃናት እናት። ለአዋላጅ ነርስነት ትምህርት ተመርጣ ደስታው አላስቀምጣት ብሏል። ነገር ግን «የኔታ፣ ትምህርቱን ባስገባ ቤቴን ይበላብኛል፤ ቤቴን ብል ትምህርቱ ያመልጠኛል። የቱን ልተው?» ብላ መጥታ የቤቷን ሥራ ሁሉ ዘርዝራላቸዋለች። እሳቸውም ቁጭ በይ ካሏት በኋላ እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሾፌር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ የራሱን የጭነት መኪና ሊይዝ ሆነ። መኪናዋ ገና ከወደብ በመምጣት ላይ ነበረች፤ እሱ ግን እግሩ መሬት አልነካ አለ። ምሳ እየበላ እጁ መሪ ያዞራል። ለሚያገኘው ሰው ሁሉ «ልትመጣ ነው!» ይላል። «ማን?» ሲሉት ይስቃል።

በዚያ ከተማ መኪና ደጅ አያድርም፤ ስፖኪዮ የሚያወልቅ አይጠፋም። ስለዚህ ጋራዥ ያስፈልጋል። ግቢው ውስጥ ትንሽ መኪና ብቻ የምትይዝ የቆርቆሮ መጠለያ ነበረች። እሷን አፍርሶ ሰፊ ጋራዥ ለመሥራት አሰበና ገመድ ይዞ መለካት ጀመረ። መጀመሪያ መኪናዋ የምትቆምበትን ለካ። ከዚያ «ተሳቢ ብጨምርስ?» ብሎ ገመዱን ሳበ። «ጎማ ማስቀመጫስ?» ብሎ ደግሞ ሳበ። ቀና ሲል ገመዱ የሚስቱን አትክልት ሁሉ ውጦታል።

ስለዚያ አትክልት ልንገርሽ። ሚስቱ ታማ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ከሐኪም ቤት ስትመለስ እንደገና መራመድ የተማረችው እዚያ ነው። ከጌሾው ተነሥታ የኮኩን ዛፍ ትይዛለች፤ እዚያ ትንፋሿን ሰብስባ ወደ ዘይቱኑ ታቀናለች። እግሯ ሲጠናላት ከዛፎቹ ሥር ጎመኑን፣ ቃሪያውን፣ ጤና አዳሙን ተከለች። ጎረቤቱ ሁሉ ከዚያ ቀጥፎ ይሄዳል።

ሰውየው ገመዱን እንደያዘ ዞር ብሎ አያት። እሷም የመኪናዋ ነገር ከሱ ባልተናነሰ አስደስቷት ስለነበር «ቁረጠው፤ እኔ እንደሆነ በእግሬ ቆሜያለሁ» አለችው። ትበል እንጂ፣ ከሰዓት በኋላ የኮኩን ግንድ በመዳፏ ስትዳብስ አያት። ገመዱን ጠቀለለ።

«ተሳቢም ጎማ ማስቀመጫም ይቅር። አንዲቷ መኪና ብቻ ትግባ» ብሎ እንደገና ለካ። አሁንም አልሆነም። ጋራዡ ጥግ ላይ ቢሠራም መኪናዋ ከበሩ ገብታ ወደዚያ ጥግ ለመዞር መሀል ግቢውን ትፈልጋለች። ምን ያህሉን እንደምትፈልግ ደግሞ በገመድ አይታወቅም። ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና ድንገት ብድግ ብሎ «ሜዳው!» ብሎ ጮኸ።

ከሰፈሩ ጀርባ የኳስ ሜዳ አለ። በማግሥቱ ኖራ ይዞ ሄደና የግቢውን ልክ ሜዳው ላይ አሰመረ፤ አጥሩን፣ ቤቱን፣ በሩን፣ የጋራዡን ጥግ። የአሠሪውን የጭነት መኪና ለምኖ አመጣ። ዛፎቹስ? ሚስቱ ከዘራዋን ይዛ መጣችና «ኮኩ እኔ ነኝ» ብላ በቦታው ቆመች። ጎረቤቶቿ በሳቅ ተከተሏት። አንዷ ዘይቱን ሆነች፣ ሌላዋ ጌሾ። አንዲት ደልደል ያሉ ሴትዮ «እኔ የጎመኑ መደብ ነኝ፤ ሰፋ ያለ ቦታ ስጡኝ» ብለው ተዘረጉ። የሰፈሩ ሰው ሥራውን እየተወ ወጥቶ ሜዳው ሞላ።

ሰውየው ሞተሩን አስነሣ። በኖራው በር ገብቶ መሪውን ጠመዘዘ። «ኧረ ጌሾዋ!» ሲባል ጌሾዋ ዘላ አመለጠች። የኋላ ማርሽ አስገባ፤ ጎመኑ እየጮኹ ተነሥተው ሸሹ። እንደገና ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ። ዘይቱንም ሄደች። በመጨረሻ የመኪናዋ አፍንጫ ሚስቱ ፊት ደርሶ ቀጥ አለ። እሷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቁን አቆመ።

ሰውየው ወርዶ ላቡን ጠረገ። «አየሽው፣ አይሆንም» አላት። «መኪናዋ ልትቀርብኝ ነው መሰለኝ።»

እሷ ግን የምታየው መሬቱን ነበር። «እስቲ የጎማውን ዱካ ተመልከት» አለችው። «መኪናዋ የምትቆመው እዚያች ጥግ ላይ ብቻ ነው። እኛን የጨረሰን መዞሯ ነው። ለምንድን ነው የምትዞረው?»

«በሩ በዚህ ነዋ!»

«በሩን እዚህ ያደረገው ማን ነው?»

ወደ ኖራው በር ዞሮ አየ። ያደረገው እሱ ነው። ጎጆ ሲወጡ በገዛ እጁ በይዶ ወደ አስፋልቱ ያቆመው፣ አላፊ አግዳሚ እንዲያየው አረንጓዴ የቀባው የብረት በር ነው። መኪናዋንም ሲያልማት የከረመው በዚያ በር፣ ሰው እያየ ስትገባ ነበር። ሌላ በር ሊኖር እንደሚችል ጭራሽ አላሰበም።

ሚስቱ ከዘራዋን ተደግፋ ወደ ኋላው አጥር ሄደች። በእውነተኛው ግቢ ከዚያ አጥር ወዲያ ያለው የሰፈሩ ኮረኮንች መንገድ ነው። በዚያ በታመመው እግሯ የኖራውን መሥመር ከወዲያ ወዲህ እየጎተተች አጠፋችው። «በዚህ ግባ» አለች።

ዞሮ መጣ። ቀጥ ብሎ ገብቶ ጥጉ ላይ ቆመ። ዘይቱን የሆነችዋ ብቻ መንገዱ ላይ ነበረችና ወጣች፤ ሌሎቹ በያሉበት እንደተተከሉ ቀሩ። ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ሰውየው ከመኪናው ዘሎ ወርዶ ሚስቱን አቀፈ፣ ቀጥሎ ጎመኑን አቀፈ፣ ከዚያ ያገኘውን ሁሉ አቀፈ።

ወደ ቤት እንደተመለሰ ልብሱን ሳይቀይር መዶሻ አንሥቶ የኋላውን አጥር መናድ ጀመረ። ዘይቱኑ ተቆረጠ፤ ሚስቱ አለቀሰችለት። ጋራዡ በአንዲት መኪና ልክ ተሠራ። መኪናዋም ስትመጣ በጓሮ በኩል፣ በኮረኮንቹ ገባች፤ አስፋልት ላይ የቆመ ሰው አላያትም። ሰውየው ግን ጥሩምባዋን እያስጮኸ፣ እየሳቀ ነበር ይዟት የገባው።

የኔታ እዚህ ላይ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«አሁን አንቺ፣ ልጄ። ትምህርትሽ መኪናዋ ናት፤ ልጆችሽና ባልሽ አትክልቱ ናቸው። የቱን ልቁረጥ ብለሽ መጣሽ። እኔ ደግሞ በየት በኩል ልታስገቢው ነው ብዬ ልጠይቅሽ። ነግረሽኛል እኮ፤ ምሳውን አንቺ ሠርተሽ፣ ልጆቹን አንቺ አጥበሽ፣ የባልሽን ዘመድ ሁሉ አንቺ አስተናግደሽ፣ ቤቱ ምንም እንዳልተለወጠ ሆኖ በተረፈሽ ጊዜ ልትማሪ። ያ የለመድሽው በር ነው። በዚያ ካስገባሽው አዎ፣ ሁሉን ይረመርመዋል። ትምህርቱ ራሱ የሚፈልገው አንዲት ጥግ ነው። ባልሽ እጅ አለው፤ ልጅ እጠብ ብለሽው ታውቂያለሽ? ምንም አይቆረጥብሽም አልልሽም። አንድ የምትወጂው ነገር ይሄዳል፤ ሲሄድ አልቅሺለት። የቀረው ይቆምልሻል። በይ ተነሺ፣ ደስታሽ ሳይበርድ ቤትሽ ግቢና ‹ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹን የምታጥበው አንተ ነህ፣ እኔ እማራለሁ› በይው። ያኮርፍ ይሆናል። ያኩርፍ፤ እያኮረፈ ይጠባቸው።»