ከተራራው ጀርባ የመጣ ጥሪ

ጠቡ የተነሳው በአንድ ፍሬ ማሽላ ነው። ከአንድ ጎሬ በወር አንድ ፍሬ። ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በሸለቆው ውስጥ አራት መቶ ጎሬ ነበረ፤ የዓመቱ ሲጠራቀም ደህና ቅል ይሞላል፤ ቅል ሙሉ ማሽላ ደግሞ ለአንድ ወፍ ትልቅ ሀብት ነው።

ሸለቆውን ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ወዲህ ምሥራቅ፣ ወዲያ ምዕራብ። የሚገዛው አንበሳ ነበር። በአንበሳውና በእንስሳቱ መካከል ከአያቶች የወረደ ውል አለ። ንጉሡ በየማለዳው በየትኛው ወገን እንደሚያድን ያስታውቃል፤ እንስሳቱ በሌላው ወገን ይሰማራሉ፤ እሱም የዘገየውን፣ ያንቀላፋውንና እግሩ የደከመውን ይበላል። እንስሳቱ በዚህ ውል ይኮሩ ነበር። ሳያስታውቁ የሚበሉ ነገሥታት እንዳሉ ሰምተዋልና።

የማስታወቁ ሥራ የእመት ቆቅ ነበር። ንጉሡ ሊነጋጋ ሲል የዕለቱን ወገን ይነግራታል፤ እሷም ከቋጥኟ ላይ ሆና ትጣራለች። ድምፅዋ ጥሩ ቢሆንም ሸለቆው ጥልቅና ጠመዝማዛ ስለሆነ ከቋጥኙ ግርጌ አልፎ አይሰማም። ስለዚህ አያ ቁራ ቃሏን እየተቀበለ፣ ከበላይ እየበረረ፣ በየጎሬው ደጃፍ ያደርሰዋል። ለዚህም ከየጎሬው በወር አሥር ፍሬ ማሽላ ይወስዳል፤ ከአሥሩ አንዱን ለቆቅ ይሰጣል። ክፍያው የዓመት ሆኖ አዝመራ እንደገባ በቅድሚያ ይሰበሰባል። ቁራ ጳጉሜንም እንደ ሙሉ ወር ይቆጥራታል።

በዚያ ዓመት ክፍያው ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ ቆቅ ሁለት ፍሬ ይገባኛል አለች። ጉሮሮው የእኔ፣ ቃሉም የእኔ አለች። ቁራ ክንፉስ የማን ነው አላት። ሲነታረኩ ከረሙና አንድ ማለዳ ቁራ ወደ ቋጥኙ መሄዱን ተወ፤ እሷም መጣራቷን ተወች።

ጎሬዎቹ ግን ያለ ጥሪ አልዋሉም። ከተራራው ጀርባ ያለውንም ሸለቆ የሚያገለግለው ይኸው ቁራ ነው። እዚያ የሚገዛው የንጉሡ ታናሽ ወንድም ሲሆን የራሱ ወንዝና የራሱ ቆቅ አለው። ቁራ የዚያችን ቆቅ ጥሪ ተራራውን አሻግሮ አምጥቶ በየደጃፉ ያሰማ ጀመር።

በወንዙ ምሥራቅ ዳር፣ በአጋም ቁጥቋጦ ሥር፣ እመት ሚዳቋ ከአንድ ግልገሏ ጋር ትኖር ነበር። ከዚያ በፊት የወለደቻቸው አልበረከቱላትም። ይህኛው ገና በአራት እግሩ እንደቆመ አንድ ነገር አስተማረችው። ምሥራቅ ሲባል ከሰማህ ወደ ምዕራብ፣ ምዕራብ ሲባል ከሰማህ ወደ ምሥራቅ፤ አትጠይቅ፣ ዞር ብለህ አትይ፣ እኔንም አትጠብቅ። በሸለቆው ልጅ የሚያድገው እንዲህ ነው። እናቶች ልጃቸውን ሲያደንቁ «ቃሉ ሳያልቅ እግሩ ይነሳል» ይላሉ።

እንግዳው ጥሪ በመጣበት የመጀመሪያ ማለዳ ሚዳቋ ግራ ገባት። ጌታችን ዛሬ በምሥራቅ ናቸው፣ የላይኛው ሾላ በስሏል፣ ቀበሮ ሚስቱን ፈቷል ይላል ጥሪው። በእነሱ ሸለቆ አንድም የሾላ ዛፍ የለም። የማን ጌታ፣ የማን ምሥራቅ እንደሆነ ሲገባት ግልገሏን ደረቷ ሥር ይዛ ባለችበት ቀረች። ብዙዎቹን ግን እግራቸው ቀደማቸው። ያን ቀን ንጉሡ በምዕራብ ነበር።

በወንዙ መሸጋገሪያ አሸዋ ላይ ጉባኤ ተጠራ። መጀመሪያ የተናገረው አያ ዝንጀሮ ነው፤ የተማረ ነው ይባላል። ነገሩን ሰፋ አድርገው እንዲያዩት ለመናቸው። እስከ ዛሬ የራሳቸውን ሸለቆ ብቻ ያውቁ እንደነበር፣ አሁን ግን ክፍያ ሳይጨምሩ የሌላውንም ኑሮ እያወቁ መሆናቸውን አስረዳ። የቀበሮው ፍቺ የት እንደሚደርስ እሱ ራሱ በጉጉት እየጠበቀ ነው።

አያ ከርከሮ ጀርባው ላይ ጭቃው ሳይደርቅ ነበር የመጣው። «የማላውቀው ቀበሮ ሚስቱን ቢፈታ እኔ ምን አገባኝ? እኔ የምፈልገው የማውቀው አንበሳ የት እንደሚውል ነው» አለ።

ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ከተቀመጡት መሃል ባዶ የቀሩ ቦታዎች ይታዩ ነበርና። አንዱ ተነስቶ ጉሬዛ ከዝግባው ጫፍ ሆኖ አንበሳውን ይይልን፣ ይንገረንም አለ። ጉሬዛ ከላይ ሆኖ ይቅርታ ጠየቀ። ማስታወቅ በንጉሡ ፈቃድ ለቆቅ ብቻ የተሰጠ ሥራ መሆኑን፣ ያለ ፈቃድ ያስታወቀ እንደሚቀጣ፣ ቅጣቱም በወንዙ በሁለቱም ወገን እንደሚፈጸም አስታወሳቸው። በመጨረሻ ሚዳቋ፣ ከርከሮና ዝንጀሮ ተመርጠው ተላኩ።

ቆቅ ዘንድ ሲደርሱ ሚዳቋ የነገን ብቻ እንድትነግራቸው ለመነቻት።

«እመት ሚዳቋ፣ እኔ እናንተን እወዳለሁ» አለች ቆቅ። «ግን ዛሬ በነጻ ከነገርኳችሁ ነገ ቁራ ስለ ምን ይከፍለኛል? ሂዱና እሱ ላይ ጩኹ። በጮኻችሁ ቁጥር ነገሩ ቶሎ ያልቃል።»

ቁራም ያንኑ አለ፤ የሚጮኽበትን ስም ብቻ ለወጠ። ማሽላችንን መልስ ሲሉት የከፈሉት ለጥሪ እንደሆነ፣ ጥሪ ደግሞ አንድም ማለዳ እንዳልቀረባቸው፣ የማን ጥሪ የሚል ቃል ውሉ ውስጥ እንደሌለ ነገራቸው። ዝንጀሮ ውሉን በልቡ ከለሰና እውነቱን ነው አለ። ከርከሮ ዝንጀሮን በክርኑ ገፋው፤ ከዚያ በላይ የሚያደርገው አልነበረውም።

ንጉሡ በክብር ተቀበላቸው። ወፍሯል። አቤቱታቸውን ሳያቋርጥ ሰማና እንዲህ አለ፦ «በሁለት ነጻ ነጋዴዎች መካከል እጃችንን ብናስገባ ግፍ ይሆንብናል። እኛ ውላችንን ጠብቀናል፤ በየማለዳው ለቆቅ እንነግራታለን። አንድም ቀን አላጓደልንም። ሂዱ ጠይቋት።»

እውነቱን ነበር። ውሸት ቢሆን ኖሮ ሚዳቋ የምትመልሰው አይጠፋትም ነበር። ዝንጀሮ እጅ ነስቶ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ሲጀምር እሷ ባለችበት ቆመች።

«ጌታዬ፣ እንግዲያው ነገ የት ይውላሉ?» አለች።

አንበሳው በርኅራኄ አያት። «እሱንማ እኛ ብንነግርሽ ልጄ፣ ቆቅን ከእንጀራዋ ማፈናቀል አይሆንብንም?»

ከዚያ ወዲህ ሚዳቋ ጎሕ ሲቀድ ወደ መሸጋገሪያው እየወረደች በአሸዋው ላይ የአንበሳውን ዱካ ትፈልግ ጀመር። ወደ የት እንደተሻገረ ካየች የዕለቱን ወገን ታውቃለች። ግልገሏን ግን ይዛው አትሄድም፤ ዱካው ትኩስ ሊሆን ይችላል። ጥሪው ቢመጣም ከቁጥቋጦው እንዳይወጣ፣ የእኛ እንዳልሆነ፣ የሌላ አገር እንደሆነ ደጋግማ ነገረችው።

«የእኛ ካልሆነ ለምን ወደ እኛ ይመጣል?» አላት።

«አንተ ብቻ አትውጣ» አለችው። እሱም እሺ አለ፤ ታዛዥ ልጅ ነበር።

አንድ ማለዳ ዱካውን አገኘችው። አምስት ጣት የሚያህል ጠልቆ፣ ውሃው ገና እየሞላው፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተሻግሯል። እፎይ አለች። ምዕራብ ከሆነ ልጇ ያለበት ወገን ሰላም ነው። ልትመለስ ፊቷን ስታዞር ቁራ በላይዋ አለፈ፤ ጌታችን ዛሬ በምሥራቅ ናቸው እያለ ይጣራ ነበር።

ቃሉ ሳያልቅ ግልገሉ ከአጋሙ ሥር ተፈናጥሮ ወጣ። እሺ ያለበት ማለዳ ሁሉ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ነበር የሚቀመጠው፤ ዛሬ አልቻለም። በአጠገቧ አልፎ ጥልቀት በሌለው በኩል ወንዙን ገባበት። ጠራችው። ዞር አላለም። ዞር እንዳይል ያስተማረችው እሷ ናት። ተከትላ ውሃው ውስጥ ስትገባ ማዶ ሣሩ አንዴ ተነቃነቀ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

በማግስቱ ቁራና ቆቅ በአንድ ፍሬ ተኩል ታረቁ። ቁራ በየደጃፉ እየዞረ ስለ ትዕግሥታቸው አመሰገነ። ዝንጀሮ የቀበሮው ፍቺ ሳያልቅ ተቋረጠብኝ ብሎ አዘነ። ከርከሮ በአጋሙ በኩል ሲያልፍ ሚዳቋን ተኝታ አገኛት፤ ጥሪው ደግሞ ምሥራቅ ብሏል።

«ተነሺ እንጂ እመት ሚዳቋ፤ ይኼኛው የእኛው ነው» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ተነሳች። ልቧ ባይፈልግም እግሯ ያውቃል።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው። ቆቅ ከየጎሬው በወር ግማሽ ፍሬ አተረፈች። ቁራ ግማሽ ፍሬ ከሰረ፤ በሚቀጥለው አዝመራ ግን ክፍያውን ከአሥር ወደ አሥራ አንድ ስላሳደገው ግማሽ ፍሬ አተረፈ። ከአራት መቶው ጎሬ ሠላሳ ዘጠኙ ባዶ ቀረ፤ የባዶዎቹን ክፍያ ቁራ ለቀሩት አከፋፈለው። ንጉሡ ምንም አልከፈለም፣ ምንም ውል አላፈረሰም፣ እየሰባ ከረመ። ሚዳቋ ድርሻዋን እንደ ወትሮው ሙሉውን ከፈለች። አሁን ብቻዋን መሆኗ ሒሳቡ ውስጥ አይገባም፤ ክፍያው በጎሬ ነው እንጂ በነፍስ አይደለም።